ሃያ አንድ ሰከንድ

ቀን ጨው አጥባለሁ፤ ከበረሃው ሆድ
ካሊቼ ተፈልጦ በመኪና ሲወርድ፤
ማታ፣ አዮዲን እንደ ዝገት በያዘው ጣቴ
ፒፔት አነሣለሁ፣ ሳይቀመስ እራቴ።

አንቶፋጋስታ ነው፣ ከወደቡ በላይ፤
ጉሙ፣ ካማንቻካ፣ ከባሕር ተነሥቶ ከተማው ሳይታይ፣
በማታ ትምህርት ቤት ጠረጴዛ አለን፣ እግሩ የሚወላገድ፣
በካርቶን ደግፈን ያቆምነው በግድ።

ሴኞራ ኤርሚንያ ቀመሩን ጻፈችው፣
ግራና ቀኙንም እኩል አደረገችው፤
«አንድ ፐርሰልፌት፣ አዮዳይድ ሁለት፤
ይኼ ሂሳብ ነው፤ የገባና የወጣ የሚታይበት።
ፍጥነቱን ግን» አለች «ሰሌዳው አያውቅም፤
ብርጭቆውን ጠይቁት፤ ለሰው ፊት አያደላም፣ ሰው ፈርቶ አይደበቅም።»

የመጀመሪያው ዙር፦ ሁለቱን ቀላቀልን፣
ስታርች ጠብ አድርገን፣ ጥቂት ቲዮሰልፌት ዘበኛ አቆምን፤
የተወለደውን አዮዲን በሙሉ እየዋጠ፣
እሱ እስኪያልቅ ድረስ ምንም አልተለወጠ።
ድንገት ውሃው ጠቆረ፤ ሰማያዊ ለበሰ፤
ሰማንያ አራት ሰከንድ፤ ኤቫሪስቶ ጻፈ፣ አፍንጫውን እያበሰ።

ሁለተኛው ዙር፦ አዮዳይዱን ብቻ እጥፍ አደረግነው፣
ሌላው ሁሉ እንዳለ፤ አንዱን ስትነኪ ሌላውን አትንኪ፣ ብልሃቱ እሱ ነው።
ኤቫሪስቶ ችኩሉ ሰዓቱን ሳይጀምር
ሰሌዳውን አየና መለሰው በቁጥር፦
«ሁለት አዮዳይድ አለ፤ ሁለት በሁለት አራት፤
ሰማንያ አራት ለአራት…» አለና አሰፈራት፣
ሃያ አንድን፣ በሠንጠረዡ፣ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ፣
ገና ያልተወለደ ልጅ ስም እንደ መጻፍ።

ቀላቀልን። ጠበቅን።
አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ።
ሃያ አንድ።
ምንም።
ውሃው እንደ ውሃ።
ብርጭቆውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፣ እንደ ሰነፍ በቅሎ፤
አርባ አንድ ላይ ቀለሙ ደረሰ፣ ቀስ ብሎ።

እጥፍ ብንጨምር፣ እጥፍ ነው የፈጠነ፤ አራት እጥፍ አይደለም፤
አርቢው አንድ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ሁለት እዚህ የለም።
ላጲስ ሲያነሣ፣ ሴኞራ ያዘችው እጁን፤
«በአንድ መስመር ሰርዘው፤ ይነበብ፤ አትደብቅ የገመትከውን።»

«ታዲያ ሁለተኛው የት ሄደ?» አላት ቅር ብሎት።
እኔ ግን ትዝ አለኝ የፋብሪካው በር፣ ጨው የበላው ብረት፤
ጠዋት ሁለት ሆነን ስንመጣ፣ አንዷ ትከሻዋን ሰጥታ
ስትገፋ፣ ስታቃስት፣ ስትራገም ቆይታ፣
ሲከፈት፣ ሁለተኛዋ እያፏጨች ትገባለች፣ እጇን ኪሷ ከታ።
መዝገቡ ሁለት ገቡ ይላል፤ አልዋሸም፤
ያቆየን ግን አንድ በርና አንድ ትከሻ ነው፤ ሌላዋ ለጊዜው አልተቆጠረችም።

ሦስተኛው ዙር፤ አሁን ፐርሰልፌቱ ብቻ እጥፍ ሆነ፤
አርባ አራት ሰከንድ። ኤቫሪስቶ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ ለመነ፦
«አርባ ሁለት እንበለው፤ ለስሌቱ ያምራል።»
አርባ አራት ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ ዘግይቶም ይሆናል።

አራተኛው፤ ሁለቱም እጥፍ።
ሃያ አንድ!
ኤቫሪስቶ ዘለለ፣ ካርቶኑ ሾለከ፣ ጠረጴዛው ተንገዳገደ።
የጠራው ቁጥር መጣለት፤ ግን በሌላ ረድፍ፣ በሌላ ምክንያት፣
የጎረቤት በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ፣ ቤቱን በመሳት።

ሕጉን ጻፍነው፦ ፍጥነት ማለት
ቋሚው፣ በአንዱ ክምችት፣ በሌላውም ክምችት ተባዝቶ።
አርቢው አንድ ሲሆን አይጻፍም፤
ሌሊቱን ደክመን ያገኘነው
የማይጻፍ ቁጥር ነው።

ለማረጋገጥ ደገምነው፤ ሃያ ስድስት። ደነገጥን።
ለካ መስኮቱ ተከፍቷል፤ ጉሙ ገብቶ ብርጭቆውን አቀፈው፣ እኛንም በረደን።
ሴኞራ ሹራቧን ደርባ «ቋሚ ያልነው» አለች «በአንድ ሙቀት ነው የቆመው፤
መስኮት ተከፍቶ ነበር ብለሽ ጻፊ፤ ቁጥሩን እንዳትጥዪው።»

በመጨረሻው አውቶቡስ ወረድን። ኤቫሪስቶን እንቅልፍ ጣለው፣ ደብተሩ ጭኑ ላይ ተገልጦ፤
የተሰረዘው ሃያ አንድ ይነበባል፣ ከመስመሩ ሥር አፍጥጦ።
ነገ በሩን የምገፋው እኔ ነኝ፤
ተራዬ ነው።